ስሜ የማይጠራበት እርጅና

ከጊምቢቹ ልወጣ ዋዜማ፣ ምሽት ላይ ቤቴ እንደ ለቅሶ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። የሞተ ሰው አልነበረም። የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ እሱም ለአንድ ክረምት ብቻ። ታናሹ ልጄ ማርቆስ ከሚሠራበት የስኳር እርሻ ካምፕ «ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ እናቷም ሩቅ ናት፣ ነይና አራሷን ጠብቂልኝ» ብሎ ልኮብኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አንዷ ውኃውን ሳታፈዪ እንዳትጠጪ ትላለች፤ ሌላው እዚያ ሙቀቱ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚወጣው ይላል። ከመካሪዎቹ ውስጥ እዚያ ደርሶ የመጣ አንድም አልነበረም።

አስቴር፣ የትልቁ ልጄ የጴጥሮስ ሚስት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ትጠቀልልልኝ ነበር። ቡላውን ለአራሷ ገንፎ ብላ ለብቻ ቋጠረችው። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ምራት አማቷን ፊት ለፊት አታይም። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሷ ዝም ብላ ቅጠሉን ታጥፍ ነበር። ያን ዝምታ አይቼ ልቤ ሞቀ። «እንግዲህ ተራዬ ደረሰ፤ እርጅናዬን ከመቅመሴ በፊት ግን አንዴ መንገድ ልሂድ» አልኩ በልቤ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ የአገሬ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ይህ ወረቀት በሌላ አገር ሰው እጅ ቢገባ ግን አይገባውምና ላስረዳ። በሀዲያና በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን መተው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም፤ በሌላ ቃል ትተካዋለች፣ ወይም ዞር ብላ ታልፈዋለች። ባሊሻ እንለዋለን። አክብሮት ነው።

እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ ከምባታ ነኝ። ወደ ጊምቢቹ ስዳር ሀዲይኛ በቅጡ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቋንቋውን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት፤ አንድ ጊዜ ቃሉን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቃሉን እንዳልናገረው። ስደቴን ከስኳር እርሻው የሚጀምሩልኝ ሰዎች ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው ስደቴ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ በበቅሎ ላይ ሆኜ፣ ፊቴን ተሸፍኜ፣ እየተዘፈነልኝ ሄድኩ።

ያን ጊዜ እንሰት ስፍቅ፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ፣ አማቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሌሎች ሙሽሮች አዲስ ቀሚስ ያልማሉ፣ እናታቸውን ይናፍቃሉ። እኔ እርጅናዬን ነበር የማልመው። ፀጉሬ ነጭ ይሆናል። ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከኋላዬ የተከልኩት እንሰት ጣሪያውን አልፎ ይቆማል። ሁለት ምራቶች ይኖሩኛል፤ ስሜን እንደ ተኛ ሰው በቀስታ ዞረው ያልፉታል። የከፈልኩትን ሁሉ ያን ቀን እቀበላለሁ። ጀርባዬን የሚያቀናልኝ ይህ ሐሳብ ነበር። ሰው በወጣትነቱ እርጅናን ይፈራል ይሉኛል፤ እኔ ግን እንደ ገበያ ቀን ነበር የምጠብቃት።

እንግዲህ ወደ መንገዱ ልመለስ። ጴጥሮስ ጓዜን ተሸክሞ ሆሳዕና አደረሰኝ። ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ የጭነት መኪና አገኘንና ወገቤ ስለሚያመኝ ጋቢና ውስጥ እንድቀመጥ ተከፈለልኝ። ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ጃንጥላ የያዘች፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሚስት የምትመስል ሴት መጣች። የሾፌሩ ረዳት በሩን ከፈተ።

«እናቴ፣ ውረጂና ከላይ ጭነቱ ላይ ውጪ።»

«ለምን?»

«እሜቴ መጥተዋል።»

«እኔስ አልመጣሁም?»

«አንቺማ መጥተሻል። እሳቸው ግን መጥተዋል።»

«የከፈልነው እኩል ነው?»

«እኩል ነው። መቀመጫው ነው እኩል ያልሆነው።»

«በንጉሥ አምላክ!» አልኩ።

በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ ከተባለ እንኳን ረዳት ፖሊስም ባለበት ይቆማል። ገበያተኛው ከበበን። ሾፌሩ ሻዩን ትቶ መጣ። ረዳቱ «ኧረ እኔ ምን አልኩ» እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ነገሩን የጨረሰችው ባለጃንጥላዋ ራሷ ናት። «ተዋት፣ ጠጋ ጠጋ እንላለን» ብላ ከጎኔ ገባች። አላባ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ትከሻዬን ተንተርሳ ሄደች። ፍትሕ አገኘሁ። ትከሻዬ ግን ለሳምንት አልነሳ አለኝ።

ከሻሸመኔ ሌላ መኪና ይዤ ካምፑ የደረስኩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ መሬቱ ግን ገና እንደ ምድጃ ይተነፍስ ነበር። መካሪው ጎረቤቴ ሳያየው ልክ ተናግሯል። በእኛ አገር ጭጋጉ ጠዋት ከእንሰቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ ሰው ጋቢውን ይሰበስባል፤ እዚህ ጠዋትም ማታም ሰው ልብሱን ነው የሚያራግፈው። ዝናቡ እንኳ የሚመጣው ተጠርቶ ይመስል በቦይ ነው፤ ፓምፕ ይባላል፣ ሲከፍቱት ይዘንባል፣ ሲዘጉት ያባራል። አየሩ ቀንና ሌሊት ስኳር ስኳር ይሸታል። ሸንኮራው እስከ ሰማይ ዳር ይሄዳል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። የእኔን እንሰቶች እያንዳንዳቸውን በመልካቸው አውቃቸው ነበር።

ካምፑ ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው አያድርም ተባለ። ስለዚህ ለጊዜው ከበሩ ውጭ፣ እትዬ በላይነሽ ከሚባሉ ባለቤት ዘንድ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ በላይነሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምግቤ ነው።»

«ምግብ? የሞተ ነገር ነው እንጂ።»

«ኧረ አልሞተም እትዬ። ተቀብሮ ቆይቶ የወጣ ነው።»

ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ እንደሚብላላ መናገሬ ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን አማተቡ።

«የተቀበረ አውጥተሽ ነው በቤቴ የምትበዪው?»

«እርስዎም ጠላ ሲጠምቁ ይከድኑታል እኮ።»

«መክደንና መቅበር አንድ ነው እንዴ? ቄስ ሳልጠራ አውጪው!»

ክርክሩ እንደማያዋጣኝ አይቼ ቆጮውን ጋገርኩት። ጎመንና አይብ አድርጌ፣ ቅቤ አፍስሼ ሰጠኋቸው። እንደ መድኃኒት በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ከዚያ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አነሱና ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪራዩ ላይ ቆጮ ተጨመረበት። ከገንዘቡ የተቀነሰ ነገር አልነበረም። «ሽታውን የምችልልሽ እኔ ነኝ» ይሉኝ ነበር እየጎረሱ።

መዝገብ ቤቱ የባሰ ነበር። ከግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ እስከ ውጭ የሚደርስ ሰልፍ።

«የባልሽ ስም?»

«ላምባሞ። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። የአባቱስ ስም?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የባልሽ አባት፣ እናቴ። ሰው ቆሟል እኮ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ካወቅሽ ተናገሪያ።»

«ማወቅማ አውቀዋለሁ። አልናገረውም።»

«እንግዲያው አባቱ አይታወቅም ብዬ ልጻፍ?»

«በደንብ ይታወቃል! ከጊምቢቹ እስከ ሆመቾ የማይጠራው ሰው የለም። የማልጠራው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል።»

«ከሞቱ ምን ያደርጉሻል?»

«በሕይወት እያሉም ምንም አላደረጉኝ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ከሰልፉ ውስጥ አንድ የሆመቾ ሸንኮራ ቆራጭ አንገቱን አስግጎ ስሙን ጮክ ብሎ ተናገረ። እኔ ጎንበስ አልኩ፤ መስማት ነውር የለውም።

«አንተ ማነህ? ዘመዷ ነህ?» አለው ጸሐፊው።

«አይደለሁም። ግን እኔ ባሊሻ የለብኝም።»

«ደግሞ ይሄ የሚተላለፍ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ጸሐፊው ስሙን አጣምሞ ጻፈው። ሲያነብልኝ ሰማሁት፤ ስህተት ነበር። ላርመው ብል ደግሞ ትክክለኛውን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እስከ ዛሬ በካምፑ መዝገብ ውስጥ የባሌ አባት ሌላ ሰው ነው።

እንደዚህ ሆኜ ካምፕ ገባሁ። አልማዝ፣ የማርቆስ ሚስት፣ ወንድ ልጅ ወለደች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ከአክስቷ ጋር ናዝሬት ስትኖር ነው ማርቆስን ያገኘችው። የቡላ ገንፎውን ሳይጎመዝዛት በላች፤ ለዚያ ብቻ ብዬ ወደድኳት። ሥራዋ ካንቲን ውስጥ ነው። አራስነቷ ሲያልቅ «እማማ፣ ልጁ ትንሽ እስኪጠና» አለችኝ። ልጁ ሲጠና እግር አወጣ፤ እግር ሲያወጣ ቦይ ዳር ነው የምንኖረው፣ ማን ይጠብቀው? ክረምቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔ ጓዜን ያልፈታሁ መስሎኝ ነው የምኖረው።

በካምፑ ትንሽ ስም አወጣሁ። ምክንያቱ የውኃ ቧንቧው ነው። የአንዱ ካቦ ሚስት ሰልፉን ሳትይዝ ባልዲዋን ከፊት ትደቅን ነበር። ካቦ ማለት የሠራተኞች አለቃ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ የአለቃው አለቃ። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ እንጂ አይናገሯትም። አንድ ቀን ባልዲዋን አንስቼ ከሰልፉ ጫፍ ወስጄ አስቀመጥኩላት። «ምን አገባሽ?» አለችኝ። «ቧንቧው ባልሽን አያውቀውም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ የተጣሉ እንደሆነ ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ዳኛዋ ይሉኝ ነበር። ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነውም እዚያው ቧንቧ ላይ ነው። ልጁ ገና በሚታዘልበት ጊዜ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ አብዛኞቹ የሀዲያና የከምባታ ሴቶች ናቸው። አልማዝ ልጁን አዝላ ከቤት ወጣችና ከሩቅ ጠራችኝ። እትዬ ብላ ስሜን ከነድምፁ፣ ከነርዝመቱ ጠራችው። «ልጁ ትኩሳት አለው!» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላዋ፣ አዲስ የተዳረች የዱራሜ ልጅ፣ ባልዲዋ ከእጇ ወድቆ ውኃው በእግሬ ሥር ፈሰሰ። ምራት አማቷን በአደባባይ በስሟ ስትጠራ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። እኔም ሰምቼ አላውቅም። ፊቴ ነደደ። ልጁን ተቀብዬ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ቀላል ጉንፋን ነበር። የእኔ ትኩሳት ግን አልበረደም።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ አልማዝን ከፊቴ አስቀመጥኳት። ማርቆስ ገና እየበላ ነበር።

«ልጄ፣ ስሜን አትጥሪው።»

«ምን ልበልዎት ታዲያ?»

«እማማ በቂ ነው። ስሜን ግን ከእንግዲህ አታውጪው።»

«እትዬ ብዬ እኮ ነው የጠራሁት። በእኛ አገር ይህ አክብሮት ነው።»

«በእኛ አገር አክብሮቱ መተው ነው።» ባሊሻን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት። አልሳቀችብኝም፤ ይህንን እመሰክርላታለሁ።

«እርስዎስ ለአማትዎ እንዲህ ተዉ?»

«እስኪሞቱ። አሁንም ትቻለሁ።»

«አልከበደዎትም?»

አልከበደኝም ልል አፌን ከፈትኩና ሌላ ነገር ወጣኝ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። በተዳርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምሽት ጅብ በበረቱ አጥር ሾልኮ ሲገባ አየሁ። በሀዲይኛ የጅብ ስም የሚጀምረው የአማቴ ስም በሚጀምርበት ድምፅ ነው። የሚተካውን ቃል ደግሞ ገና አልተማርኩም። በሩ ላይ ቆሜ «ያ ነገር መጣ! ያ ነገር ገባ!» እያልኩ ጮህኩ። ከውስጥ «ምኑ ነው? እንግዳ ነው?» ይሉኛል። «እንግዳ አይደለም!» እላለሁ። ነገሩ እስኪገባቸው ጥጃዋ የለችም። አማቴ ወጡና የፈሰሰውን ደም አዩ፤ ወደ እኔ ዞረው «አፍ የለሽም?» አሉኝ።

አልማዝ ሳቋ መጣ። ከዚያ ፊቴን አየችና ተወችው።

«ታዲያ እኔም ጥጃ እንዳስበላ ነው የሚፈልጉት?»

«እዚህ ጅብ የለም።»

«ማርቆስስ የእናቴን ስም ይተዋል?»

ማርቆስ ጉርሻውን እንደያዘ «እኔን ምን አገባኝ?» አለ።

«ለምን አያገባህም?» አለችው። «እሷም አማት ናት።»

እንግዲህ ሰው ሁሉ ዳኛዋ የሚለኝ እኔ ነኝ። ልጄ ወደ እኔ አየ፤ ምራቴ ወደ እኔ አየች። በእኛ አገር ወንድ ከሚስቱ እናት ፊት ገለል ይላል፣ ያከብራታል፤ ግን እንደ ሴቷ ግማሽ ቋንቋውን አያጣም። ይህን ሁሌም አውቀው ነበር። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም እንጂ።

«ስሚ አልማዝ» አልኳት። «እኔ ሰልፉን ሙሉ ቆሜያለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ። አሁን ቧንቧው ዘንድ ስደርስ ውኃው ተዘጋ ልትዪኝ ነው? ተራዬ ነው።»

አልማዝ ልጁን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ግን የሚቀዳው ከእኔ አፍ ነው።»

ለካቦው ሚስት መልስ ነበረኝ፣ ለረዳቱም ነበረኝ፤ ለዚህች ልጅ ግን መልስ አጣሁ። ከፋኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የሌሎች ሁለት ሰዎች ነገር ቢሆንና ለፍርድ ቢመጡልኝ ፍርዱ ለማን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ጠዋት ላይ «እማማ በይኝ። ስሜ ቢያመልጥሽም አልቆጣም» አልኳት። እጄን ሳመችኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። አልማዝ ጎመን እየቀነጠሰች «አስቴርስ?» አለች።

«አስቴር ምን ሆነች?»

«እኔን ነፃ ካወጡኝ እሷ ምን አጠፋች? እሷ ሁሉን ትታ እኔ ሁሉን እየተናገርኩ፣ የሁለታችንም አማት እርስዎ ነዎት።»

ይህቺ የደብረ ብርሃን ልጅ ከእኔ የባሰች ፈራጅ ናት። እንደ እሷ ያለች ሴት ወጣት ሆኜ አጠገቤ ብትኖር ጥጃዋ ትተርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስንት ጊዜ እርጅናዬን እንዳሰብኩት! አሁን ደጃፉ ላይ ነኝ፤ እንደ ድሮው ከሩቅ አይደለም የማየው። እዚህ የቀረሁ እንደሆነ መስመር ከሠሩት ቤቶች በአንዱ፣ ቁጥሩ በቀለም በተጻፈበት በር ላይ እቀመጣለሁ። ፋብሪካው በሳይረን ሲጮህ ሰው ይወጣል፣ ሲጮህ ሰው ይገባል፤ ለአሮጊት የሚጮህ ሳይረን ግን የለም። ልጆቹ ስሜን እየጠሩ ኳስ ተከትለው ይሮጣሉ። ስሞት የአገር ልጆች ዕድር ያነሳኛል፣ ሥርዓቱ ሁሉ ይደረጋል፤ አፈሩ ግን ትኩስ ነው። ጊምቢቹ የተመለስኩ እንደሆነ ደግሞ ያ ከበር አጠገብ ያለው ቦታ አለ። እንሰቴ ጣሪያውን አልፏል ብለውኛል። አስቴር ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች። ያ ሁሉ የተጠበቀልኝ እርጅና በአንዲት ሴት አፍ ላይ ነው ያለው። እሷን ፈትቼ ከለቀቅኳት የምመለሰው ወደ ምንድን ነው? እንዲህ እያልኩ አመሻለሁ። መልሶ ደግሞ ያ «አፍ የለሽም?» የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል።

በመጨረሻ ቆረጥኩ። ወደ አገር ለሚሄድ ሰው መልእክት ሰጠሁ፤ አስቴር በገበያ ቀን ሆሳዕና ቴሌ ቤት ድረስ እንድትመጣ፣ እኔም ለካምፑ ቅርብ ከሆነው ከናዝሬት እንደምደውል። ይህ በደብዳቤ አይሆንም ብዬ ነው፤ በአፍ የታሰረ በአፍ ይፈታል ብዬ። የምላትን መንገድ ሙሉ አጠናሁት። «ልጄ አስቴር፣ በቃሽ። ስሜን ጥሪው። እኔ ፈቅጃለሁ።» አጭር ነው። አልማዝ አብራኝ መጣች፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «በርቱ እማማ» አለችኝ፣ ለምጥ እንደምገባ።

ኦፕሬተሯ «ሆሳዕና! ሆሳዕና!» እያለች ቆየች። ከዚያ የእንጨቱ ሳጥን ውስጥ ገብቼ እጀታውን ያዝኩ። የአስቴር ድምፅ መጣ። ደህንነቴን ጠየቀችኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ የአልማዝን ልጅ ጠየቀችኝ። ከዚያ የቤቱን ወሬ ጀመረች።

«ቀይዋ ላም ወልዳለች። ነጩ ሞልቷል። ልጆቹ ጠግበው ያድራሉ፤ ከነጩ ለጎረቤትም እንሰጣለን።»

ነጩ ያለችው ወተት ነው። በሀዲይኛ ወተት የሚለው ቃል የሚጀምረው ስሜ በሚጀምርበት ድምፅ ነው።

እስቲ አስቡት። ያለችው የቴሌ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን ነው። እኔ ያለሁት በቀናት መንገድ ርቀት ላይ ነው። የሚሰማት ጎረቤት የለም፣ የምትፈራው ሰው የለም፤ የሳጥኑ በር ተዘግቷል። ወተት ብትል ማን ያያታል? እሷ ግን ነጩ አለች፤ ሳትደናቀፍ፣ ሳታስበው፣ እኔ ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጥኩ ሁሉ። ያን ጊዜ ከጊምቢቹ ያልወጣሁ መሰለኝ። ያቺ ሙሽራ እንሰት እየፋቀች ያለመቻት አሮጊት ሆንኩ። እጀታውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«መቼ ይመጣሉ?» አለችኝ።

«የልጁ ትምህርት ሲዘጋ» አልኳት።

«እንሰቱን አላስነካነውም። እርስዎ ሲመጡ ይበላል።»

«ደግ አደረጋችሁ። ስለ ነጩ ንገሪኝ እስቲ» አልኳት። «ቅቤው እንዴት ነው?»

ነገረችኝ። እየደጋገመች፣ እየዞረች ነገረችኝ። ኦፕሬተሯ ጊዜው አለቀ አለች፤ መስመሩ ተዘጋ። ያጠናሁትን ሳልናገር ወጣሁ።

አልማዝ ከአግዳሚው ተነሳች። «ነገሯት?»

«መስመሩ አይሰማም» አልኳት። «ይንጫጫል።»

አዘነች። «በሚመጣው ወር እንደገና እንሞክራለን» አለች። እሺ አልኳት። መስመሩ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ከአስቴር ድምፅ ኋላ የሆሳዕና ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ከሩቅ የተላከ ወረቀት ሁሉ በጊምቢቹ ጸሎት ቤት እንደሚነበብ፣ ይህንንም ለሕዝቡ የምታነበው አስቴር እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሌላ ድምፅዋ የሚያምር አንባቢ የላችሁም። እንግዲህ ልጄ፣ በስልክ ያቃተኝን አሁን ከራስሽ አፍ ሰምተሽዋል። በቃሽ። የእኔን ስም መጥራት ከፈለግሽ ጥሪው፣ ወተቱንም ወተት በዪው። እኔ ፈቅጃለሁ፤ ዳኛ ነኝና መፍቀድ አለብኝ። ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን ስሜን አንድም ቦታ አላሰፈርኩትም። ከፈለግሽው ራስሽ አምጪው። ካላመጣሽውም እኔ ምንም አልልም።